ሳይቀንስ የሚደርስ ትንፋሽ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሁልጊዜ ያንቀላፋኛል። እንቅልፍ እንኳ አይባልም፤ ሚኒባሱ የሐረጎን ተራራ አልፎ መጠማዘዝ ሲጀምር ዓይኔ ይከደንና ጆሮዬ ብቻውን ነቅቶ ይቀራል። ጉሙ መስኮቱን እየዳበሰ ያልፋል፤ ሾፌሩ የከፈተው መንዙማ እየራቀ እየራቀ ይሄዳል፤ ከዚያ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ጧ ይልና የሰው ድምፅ ሁሉ ጥርት ብሎ ይመለሳል። ደሴ ላይ ጠጥቼ ክዳኑን ያጠበቅኩት የውሃ ፕላስቲክ፣ ኮምቦልቻ ስንገባ ጎኑ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ አገኘዋለሁ። ማንም አልነካውም። ቁልቁል በወረድን ቁጥር አየሩ እየከበደ ሄዶ ነው የጨመቀው። ልጅ ሳለሁ ግን፣ እኔ ተኝቼ ተሳፋሪው እየተቀባበለ የሚጨምቀው ይመስለኝ ነበር፤ ነቅቼ ፊታቸውን ሳይ ሁሉም ምንም እንዳላደረገ ሰው ይሆናሉ።

እናቴ በዚህ መንገድ ላይ አትተኛም። እሷ ሥራ አላት፤ ትተነፍሳለች። አስም ያለበት ሰው ትንፋሽን እንደ ሥራ ነው የሚይዘው። ደሴ ሆጤ ሰፈር ባለው ቤታችን ክረምት ሲገባ ደረቷ ሲያፏጭ ከወዲያኛው ክፍል ይሰማኛል። ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ግን ትከሻዋ ቀስ እያለ ይረግባል፣ ሻሿን ላላ ታደርጋለች፣ ከዚያ "አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ገባ" ትላለች። የኮምቦልቻ አየር ፍሬ አለው ባይ ናት። የደሴውን እንደ ቀጠነ ሾርባ ነው የምታየው፤ ትጠጣዋለች እንጂ አያጠግባትም።

እኔ ደግሞ ጠላቂ ነኝ። ይህን ደሴ ውስጥ ስናገር ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ "የት ነው የምትጠልቀው፣ ጉሙ ውስጥ?" ይለኛል። አልፈርድበትም። የግድብ በሮችን፣ የውሃ መግቢያ ወንፊቶችን፣ ትላልቅ ገንዳዎችን ከሥር ሆነን የምናጸዳና የምንጠግን ጥቂት ሰዎች ነን፤ ሥራችንን የሚያየው ዓሣ ብቻ ስለሆነ የሚመሰክርልን የለም።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት ለእንጀራ ነው፤ ይዞ ያስቀረኝ ግን ድምፁ ነው። ውሃ ስር ከራስህ ትንፋሽ በቀር የምትሰማው የለም። ስታስገባ ረጅም ሽው፣ ስታወጣ አረፋው ጆሮህን እየኮረኮረ ወደ ላይ ይሸሻል። ከላይ ያለው ብርሃን እንደ ቀጭን ነጠላ ይወዛወዛል። ሰዓቱ ይጠፋብሃል። አንዳንዴ የግድብ ግድግዳ ፊት ተንሳፍፌ፣ እጄ ወንፊቱን ይፍቃል፣ እኔ ግን ሆጤ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ከግድግዳው ወዲያ የእናቴን ደረት የማዳምጥ ይመስለኛል። እዚህ ታች ያለው ትንፋሽ ግን አይቆራረጥም፣ አያፏጭም። ደስ ይለኛል፤ ደስ ስላለኝም ያሳፍረኛል።

ዘንድሮ ጅቡቲ ወደብ ላይ ሥራ ተገኘ፤ የመርከብ ሆድ ከሥር መፋቅ ነው። ግድብ አይደለም፣ ባሕር ነው። ቡድናችን በሙሉ ሊሄድ ተሰናድቷል። የቀረኝ አንድ ነገር የእናቴ ምርቃት ነበር። እኛ ቤት ሰው ሳይመረቅ አይሄድም። ለፈተና ሲወጣ ይመረቃል፣ ለሠርግ ሲሄድ ይመረቃል፤ አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ እንኳ ደጃፉ ላይ እጁን ዘርግቶ አሚን ሳይል እግሩን አያነሳም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ደግሞ መራቂዋ እሷ ብቻ ናት። እሷም አልመርቅም አለች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። "ሂድም አልልህም፣ አትሂድም አልልህም" ብላ ዝም። ይህ ከቁጣ ይከፋል። እድሜዬ ከሠላሳ አልፏል፣ ብሄድ የሚይዘኝ የለም፤ ግን ሳትመርቀኝ መሄድ አልሆንልህ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ጥልቅ ውሃ አያስፈራኝም፤ ያለ እሷ ምርቃት ባሕር ውስጥ መግባት ግን አስፈራኝ።

ከጉዞው በፊት የመጨረሻው ሥራችን ኮምቦልቻ ሆነ። አንድ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ለእሳት አደጋ ተብሎ ውሃ የሚጠራቀምበት ትልቅ የሲሚንቶ ገንዳ አለ፤ ሥሩ ደለል ሞልቶበት ነበር። ጠዋት ከደሴ እወርዳለሁ፣ ሲመሻሽ እመለሳለሁ። ስወርድ የሚያንቀላፋኝ መንገድ ስወጣ ዓይኔን አያስከድነኝም፤ ላይ ቤት እናቴ ከነዝምታዋ ትጠብቀኛለች።

አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ውሃ ስር የምተነፍስበትን ሬጉሌተሬን ከሻንጣዬ አውጥቼ ደለሉን በንጹህ ውሃ ሳጥብ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"ይቺ ናት?" አለችኝ።

"ይቺ ናት።"

ሬጉሌተር ሁለት ክፍል አለው። አንዱ አፍ ውስጥ የሚነከሰው ነው፤ ሌላው በጀርባችን በምንሸከመው የአየር ሲሊንደር አንገት ላይ የሚታሰር፣ ቡጢ የሚያክል፣ ከበድ ያለ የነሐስ ቁራጭ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ እንለዋለን፤ አየሩ ከሲሊንደር ሲወጣ መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ጋ ስለሆነ። ሰው ሁሉ የሚያየው አፍ ላይ ያለውን ነው፤ ከባዱን ሥራ የሚሠራው ግን ይሄኛው ነው። እናቴ የነሐሱን ቁራጭ አንስታ ገበያ ላይ እንዳለ ድንች በመዳፏ መዘነችው።

ከዚያ ከጉያዋ የአስም መርጫዋን አወጣችና ከጎኑ አስቀመጠችው።

"ይቺ አዲስ ስትሆን ፏ አድርጋ ትሰጠኛለች። እያለቀች ስትሄድ ግን ትሰስታለች። መጨረሻ ላይማ ጩኸቷ ብቻ ይመጣል፣ መድኃኒቱ የለም። ደረቴ ተከፍቶ ይጠብቃል፣ የሚገባ ነገር የለም። ያንተዋስ?"

 እስከዚያ ቀን ድረስ የምትፈራው ባሕሩን፣ ማዕበሉን፣ ዓሣውን ይመስለኝ ነበር፤ ስለ እነሱ ብዙ ተከራክሬያታለሁ። ለካ የምትፈራው እየቀጠነ የሚሄድ ትንፋሽን ነው። እሱን ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

"የኔዋ አትሰስትም፣ አብሽሪ" አልኳት።

"አብሽሪን ተውና ንገረኝ።"

ነገርኳት። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር ታምቆ የገባ ነው፤ ሲሞላ ግፊቱ የመኪና ጎማ ከሚይዘው መቶ እጥፍ ይሆናል። እንዲሁ ቢለቀቅ ሳንባ ይቀድዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደረጃ ያንን ኃይለኛ አየር ወደ አንድ ልከኛ ግፊት ያወርደዋል፤ ሥራው እዚያች ልክ ላይ መቆየት ነው። ውስጡ አንድ ክፍል አለ፣ የክፍሉ አንዱ ግድግዳ ስስ ጎማ ነው። ከጎማው ውጪ የተጠመዘዘ የብረት ሞላ ይገፋል፣ ከውስጥ አየሩ ይመልሳል። እኔ ስተነፍስ የውስጡ አየር ይጎድላል፤ ሞላው ጎማውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ጎማው ትንሿን በር ይከፍታል፤ ከሲሊንደሩ አየር ይገባል። ክፍሉ ሲሞላ አየሩ ጎማውን መልሶ ይገፋውና በሯ ትዘጋለች።

"አልገባኝም" አለች። አነጋገሯ ግን አልገባኝም የሚል አልነበረም፤ ሌላ አምጣ የሚል ነበር።

"ሮቷችን ውስጥ ያለችውን ኳስ አስቢያት።"

እዚህ ላይ ዓይኗ በራ። ደሴ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ የሌለው ቤት የለም፤ እናቴ ደግሞ ከሮቷችን ጋር እንደ ጎረቤት ትጣላለች። ውሃ ስንቀዳ ኳሷ ዝቅ ትላለች፣ ቧንቧው ይከፈታል፤ ውሃው ከፍ ሲል ኳሷ አብራ ትነሳና ትዘጋዋለች። መስመሩ ላይ ያለው ውሃ ኃይለኛ ሆነ ደካማ፣ ሮቶው የሚሞላው እዚያው ልክ ድረስ ነው።

"የኔዋም እንደዚያ ናት" አልኳት። "እንዲያውም ትበልጣለች። የሲሊንደሩ ግፊት በሯን ከሁለቱም ወገን እኩል እንዲይዛት ተደርጋ ነው የተሠራችው። ስለዚህ ሲሊንደሩ ሙሉ ሲሆን በርትቶ አይከፍታትም፣ ሲጎድልም አይጫናትም። የምትታዘዘው ለሞላውና ለጎማው ብቻ ነው።"

"እንዴ! ኳሷማ ባለፈው ተጣብቃ ግቢውን ጎርፍ አላደረገችውም?"

ሳቄ መጣ። ያን ቀን የጎረቤት ምንጣፍ ሳይቀር ተንሳፍፎ ነበር።

"አየሽ፣ ስትበላሽም አልዘጋችም፣ አፈሰሰች። የኔዋም እንዲያ ናት። አብዛኛውን ጊዜ ስትበላሽ አየር ታፈሳለች እንጂ አትከለክልም።"

"አብዛኛውን ጊዜ?"

"አብዛኛውን ጊዜ፣ እማ።"

 ከዚያ መርጫዋን ወደ ጉያዋ መለሰችና "በዓይኔ ካላየሁ ወላሂ አልሰማህም" ብላ ተነሳች። በማግስቱ ጠዋት እኔ ጫማዬን ሳስር ሻሿን አጥብቃ ደጅ ቆማ አገኘኋት።

አብረን ወረድን። የቦርከና ወንዝ ከታች ብልጭ ሲል ትከሻዋ እንደ ልማዱ ረገበ፣ "አሁን ገባ" አለች፤ እኔም ዓይኔን ከደንኩ።

ፋብሪካው ግቢ ስንደርስ አለቃችን ተሯሩጦ ወንበር አመጣላት። ሸምገል ያለ የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ እናቱን በልጅነቱ ያጣ ስለሆነ የሰው እናት ሲያይ ይርበተበታል። "ይቀመጡ እናቴ፣ ጥላው ውስጥ ይሁኑ፣ ፀሐዩ እንዳይመታዎት" እያለ ወንበሩን ሦስት ቦታ አዘዋወረው። እሷ ግን ዓይኗ ገንዳው ላይ ነበር። ውሃው አረንጓዴ ነው፤ ሰማዩ ውስጡ ተኝቶ አልፎ አልፎ ይነቃነቃል።

ሬጉሌተሬን ሙሉ ሲሊንደር ላይ አሰርኩና ሁለት መለኪያ ሰካሁ። አንዱ የሲሊንደሩን ግፊት ያሳያል፤ ሌላው የመጀመሪያው ደረጃ የሚያሳልፈውን። ቫልቩን ስከፍት ሁለቱም መርፌዎች ተነስተው ቆሙ።

"አሁን አየሩን እለቃለሁ። ይቺኛዋ እየወረደች ትሄዳለች፣ ይቺኛዋን ግን እያት" አልኳት።

ለቀቅኩት። አየሩ እየጮኸ ወጣ። የነሐሱ ቁራጭ በጠራራ ፀሐይ ቀዝቅዞ ላብ አወጣ። የሲሊንደሩ መርፌ ቀስ በቀስ ወረደች፤ ሌላኛዋ ስለቅ በጥቂቱ ዝቅ ትልና ስዘጋ ተመልሳ እዚያችው ቦታ ላይ ትቆማለች። እንደገና ለቀቅኩ፣ እንደገና እዚያው። በኩራት ወደ እናቴ ዞርኩ።

በሐዘኔታ ታየኛለች።

"ተበላሽታለችኮ" አለችኝ።

"ማን?"

"ይቺ ናታ! ቆማ ቀርታለች። የምንመጣበት ሚኒባስ ነዳጅ መለኪያም እንዲሁ ናት፣ ቢሞላም ቢያልቅም አትንቀሳቀስም። ሾፌሩ ራሱ አያምናትም። አንተ በዚህች አምነህ ነው ባሕር የምትገባው?"

አለቃችን ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። እኔ ተናደድኩ፤ ከልቤ ተናደድኩ። ጠላቂ በሕይወቱ ማየት የሚመኘው ያቺን የማትነቃነቅ መርፌ ነው፤ እናቴ ግን ከደሴ መናኸሪያ እስከ ኮምቦልቻ ያየቻቸው የቆሙ መርፌዎች ሁሉ የተሰበሩ ናቸው። ምን ብዬ ላስረዳት? 

"መለኪያህን ተወው" አለችኝ። "ወዲህ በላት። በደረቴ ነው የማውቃት።"

"እማ፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ያስልሻል።"

"አስሎኝ አያውቅም እንዴ?"

ሲሊንደሩ ውስጥ ገና ብዙ አየር ቀርቶ ነበር። የሚነከሰውን ጎማ አጥቤ ሰጠኋት። ቢስሚላህ አለችና አፏ ውስጥ አደረገችው። ሽው አለ። ዓይኗ ተበረገደ። አወጣች፣ ደግማ አስገባች። ሽው። ሦስተኛው ላይ ዓይኗ ቀስ ብሎ ተከደነ፣ ትከሻዋ ረገበ፣ እጆቿ ጭኗ ላይ ተኙ። ውሃ ስር የምሰማውን ድምፅ ነበር የምሰማው፣ ግን ከእናቴ ደረት ሲወጣ። ያለ ፉጨት፣ ያለ መቆራረጥ። ግቢው ውስጥ የሚሠራ ሁሉ ሥራውን ያቆመ መሰለኝ። የፋብሪካው ማሽን ጩኸት እንኳ ከወፍራም ውሃ ማዶ የሚመጣ ይመስል ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እንባዬ መጣ፤ ያን ትንፋሽ ሆጤ ቤታችን ውስጥ አንድ ክረምት ሙሉ ብሰጣት ብዬ ተመኘሁ።

ዓይኗን እንደከደነች ሬጉሌተሩን ፈትቼ ትላንት ሠርተንበት ሊያልቅ ወደ ተቃረበው ሲሊንደር አዛወርኩት። ደግማ ተነፈሰች። ትንሽ አሳላት፣ ጎማውን ከአፏ አውጥታ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ እንደገና ነከሰችው።

"የቱ ነው ያለቀው?" አልኳት።

ጎማውን አወጣች። አሰበች። "የመጀመሪያው" አለች። "ይሄኛው የተሻለ ነው። ፍሬ አለው።"

የሲሊንደሩን መርፌ አሳየኋት፤ ቀዩ መስመር ውስጥ ገብታለች። መርፌዋን አየች፣ እኔን አየች፣ አለቃችንን አየች። አለቃችን "እውነቱን ነው እናቴ፣ ይሄኛው ነው ያለቀው" አላት። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"ይሄ ደረቅ መሬት ላይ ነው" አለች። "ውሃው ሲጫንህስ?"

"ውሃው ሲጫነኝ እሷንም ይጫናታል። ሞላው ያለበት ወገን ለውሃው ክፍት ነው። በወረድኩ ቁጥር ውሃው ከሞላው ጋር ሆኖ ጎማውን ይገፋል፣ ስለዚህ የምታሳልፈው አየርም በዚያው ልክ ይጠነክራል። ደረቴን የሚጫነውን ያህል ጨምራ ነው የምትሰጠኝ።"

"ማን ይነግራታል?"

"ውሃው ራሱ።"

"አልቆ ሲያበቃስ?"

እዚህ ላይ መዋሸት ይቀል ነበር። እናቴ ግን ስለ ትንፋሽ የሚዋሽ ሰው አትወድም፤ ሐኪም እንኳ "ምንም አይደለም" ሲላት ትታዘበዋለች።

"አልቆ ሲያበቃ እሷም ምንም ማድረግ አትችልም። የሲሊንደሩ ግፊት ከልኳ በታች ከወረደ ትንፋሹ ይከብዳል፣ ከዚያ ይቆማል። በጥልቅ ውሃ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ለዚህ ነው የሲሊንደሩን መርፌ የማያት። ቀዩ ጋ ሳትደርስ እወጣለሁ።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ይሁን እንቢ አልገባኝም። ሰዓቱ ሄዶ ነበር፣ ደለሉም ይጠብቃል። ልብሴን ለበስኩ፣ ሙሉ ሲሊንደር ጀርባዬ ላይ አሰርኩ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ተስፋ ቆርጬ ነበር። ያለኝን ሁሉ ነግሬያታለሁ፣ አሳይቻታለሁ፣ አስተንፍሻታለሁ፤ ከዚህ በላይ ምንም የለኝም። የፊት መስታወቴን አነሳሁና ውስጡን እንትፍ አልኩበት።

"ምን አደረግክ አሁን?" አለች ከኋላዬ።

"ምራቅ ነው፣ እማ። መስታወቱን ጉም እንዳይዘው። ጠላቂ ሁሉ ከመግባቱ በፊት እንዲህ ያደርጋል።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። ፈረንጁም ጭምር።"

ከወንበሯ ተነሳች። አለቃችን ሊደግፋት እጁን ዘረጋ፣ አልያዘችውም። መጥታ አናቴ ላይ ቆመች።

"እስከዛሬ ታዲያ በማን ምራቅ ነው ስትገባ የኖርከው?"

"በራሴ ነዋ።"

"ራስህን በራስህ እየመረቅክ?" አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። "ያ ረቢ! እናት እንደሌለው?"

መስታወቱን ከእጄ ወሰደችው። የኔን ምራቅ በነጠላዋ ጫፍ አጥርታ ጠረገችው። ከዚያ ወደ አፏ አስጠግታ እንትፍ አለችበት፣ ደግማ እንትፍ አለችበት። እጆቼን ዘረጋሁ። አለቃችን መስቀሉን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ እሱም እጁን ዘረጋ።

"ባሕሩ ይቅለልህ" አለች። "ሲጫንህ የሚጨምርልህ አትጣ። ትንፋሽህ አይቅጠን። ገብተህ አትቅር፣ ሳያልቅብህ ውጣ። ያ ረቢ፣ ሰጥቼሃለሁ፣ አንተም መልስልኝ።"

"አሚን" አልን።

መስታወቱን መለሰችልኝ። ደንቡ ምራቁን በጣት አዳርሶ በውሃ ማለቅለቅ ነው፤ አዳዲስ ጠላቂዎችን የማስተምረውም ይህንኑ ነው። ያን ቀን ሳላለቀልቀው አጠለቅኩትና ገባሁ።